አራት የዱቄት ኢንሄለሮች በአዲስ አበባ ዳርቻ፦ ከወፍጮው እስከ ፎይሉ

የአስም ወይም ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ፋርማሲ ሄዶ የዱቄት ኢንሄለር (የደቀቀ መድኃኒት በአፍ ወደ ሳንባ የሚሳብበት ዕቃ) ሲጠይቅ የሚያየው የመድኃኒቱን ስምና ዋጋውን ነው። ሐኪሙ የጻፈው ስም እንዳለ ሆኖ፣ ኑሮው ቃሊቲ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ ወይም ከእንጦጦ ማዶ ሱሉልታ ለሆነ ሰው አንድ ጥያቄ ይቀረዋል፦ ዱቄቱ እስከሚሳብበት ደቂቃ ድረስ ከአየሩ የሚለየው ምንድን ነው? ቀን በቆርቆሮ ጣሪያ የሚግል፣ ሌሊት የሚቀዘቅዝ ክፍል፤ እንጀራ ሲጋገር እንፋሎቱ ግድግዳው ላይ የሚያልበው ቤት፤ የሐምሌ ጭጋግ፤ የበጋ አቧራ። በደረቅና በተስተካከለ ክፍል የሚኖር ሰው ይህን ሁሉ ሊንቀው ይችላል። እዚህ ግን መድኃኒቱ አንድ ሆኖ ዕቃው ሲለያይ ሳንባ የሚደርሰውም ይለያያል። ምክንያቱ የሚጀምረው ከወፍጮ ስለሆነ ግምገማውም ከዚያው ይጀምራል።

ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባ ቅንጣት ከ1 እስከ 5 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) መሆን አለበት። ከዚያ የተለቀው ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል፤ በጣም ያነሰው ከፊሉ ከትንፋሽ ጋር ተመልሶ ይወጣል። ወደዚህ ልክ ለማውረድ በብዛት የሚሠራበት መሣሪያ ጄት ሚል የሚባለው የአየር ወፍጮ ነው። መጅም፣ መዶሻም፣ የሚሽከረከር ጥርስም የለውም። ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ባር (የግፊት መለኪያ) የታመቀ አየር ወይም ናይትሮጂን በጠፍጣፋ ክብ ክፍል ዙሪያ ባሉ ቀዳዳዎች በሽቅድምድም ይገባል፤ ዱቄቱን እያሽከረከረ ቅንጣትን ከቅንጣት ያጋጫል። የደቀቀው ከአየሩ ጋር በመሃል ይወጣል። ገና ያልደቀቀው በሽክርክሪቱ ወደ ጠርዝ ተገፍቶ እንደገና ይመታል። ባለሙያው በዋናነት የሚጫወተው በአየሩ ግፊትና ዱቄቱ በሚገባበት ፍጥነት ነው። ዱቄቱ በዝግታ ሲገባ ለእያንዳንዱ ቅንጣት የሚደርሰው ምት ይበዛል፣ ይበልጥ ይልማል። ጉዳቱም አብሮ ይበዛል።

ጉዳቱ በዓይን አይታይም። በክሪስታል ውስጥ ሞለኪውሎቹ በረድፍ ተሰልፈው ነው ያሉት። ምቱ ግን ቅንጣቱን ከመስበር አልፎ የላዩን ሰልፍ ይበትነዋል፤ ሥርዓቱን የለቀቀው ይህ ክፍል አሞርፈስ ይባላል። ከጠቅላላው ክብደት 1 ወይም 2 በመቶ ቢሆን ነው። ነገር ግን ያለው ላዩ ላይ ነው፤ ቅንጣት ከቅንጣት የሚነካካውም በላዩ ነው። ስኳር በቤት ብሌንደር ፈጭቶ ያስቀመጠ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፦ ያልተፈጨው ስኳር ወር ቢቀመጥ አሸዋ እንደመሰለ ይቆያል፣ የተፈጨው ግን ክዳኑ ትንሽ ከላላ በጥቂት ቀን ይጓጉላል። ከፊሉ የመድቀቁ ጣጣ ነው፣ ከፊሉ ግን ይኸው የላዩ መፍረስ ነው።

በዱቄት ኢንሄለሮች ውስጥ ይህ ለምን ያን ያህል እንደሚያሳስብ ለማየት ድብልቁን ማወቅ ይበቃል። ከጄት ሚል የወጣ መድኃኒት ብቻውን አይፈስም፤ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ በግጭቱ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሚቋጥርም ከነካው ሁሉ ጋር ይለጠፋል። ስለዚህ በአብዛኞቹ ምርቶች ከ50 እስከ 150 ማይክሮን ከሚሆን ሻካራ ላክቶስ (የወተት ስኳር) ጋር ይደባለቃል። በርበሬ የተነሰነሰበትን ቆሎ ያስቡ። ቆሎው ላክቶሱ ነው፣ በርበሬው መድኃኒቱ። ታማሚው በኃይል ሲስብ በርበሬው ተራግፎ ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ ቆሎው አፍና ጉሮሮ ላይ ቀርቶ ይዋጣል። ምላስ ላይ የሚሰማው ጣፋጭነት የላክቶሱ ነው። ቆሎው ከረጠበ ግን በርበሬው አይራገፍም።

አሞርፈስ የሆነ ላክቶስ በክፍል ሙቀትና በ50 በመቶ ገደማ እርጥበት ከክብደቱ 10 በመቶ አካባቢ ውሃ ይጠጣል። ጤነኛው የላክቶስ ክሪስታል በዚያው አየር ውስጥ ከአየሩ የሚጠጣው ከቁጥር አይገባም። ደረቅ ሳለ ከ100 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ የማይለሰልሰው አሞርፈስ ክፍል፣ ውሃ ሲገባው እዚሁ በክፍል ሙቀት ይለሰልሳል። ሲለሰልስ ሞለኪውሎቹ ተመልሰው ይሰለፋሉ፣ ክሪስታል ይሆናል፣ የጠጣውንም ውሃ ይተፋዋል። የተተፋው ለጎረቤት ቅንጣት ይደርሳል። ሁለት ቅንጣቶች ተነካክተው ሳለ ይህ ከደረሰባቸው በመካከላቸው ጠጣር ድልድይ ይሠራል፤ ሁለት የነበሩት አንድ ትልቅ ይሆናሉ። ድልድዩን ደግሞ ኋላ ማድረቅ አያፈርሰውም። ለልኩ ያህል፦ 12.5 ሚሊግራም ላክቶስ ውስጥ 1 በመቶው አሞርፈስ ቢሆን፣ ያ 1 በመቶ 10 በመቶ ውሃ ቢጠጣ፣ 12.5 ማይክሮግራም ውሃ ማለት ነው። ኋላ በምናየው ዲስከስ በአንድ መጠን ውስጥ ያለው ሳልሜተሮል (የአየር ቧንቧን የሚከፍት መድኃኒት) 50 ማይክሮግራም ብቻ እንደሆነ ሲታሰብ ትንሽ ውሃ አይደለም።

ከወፍጮ ቤት የመጣ ትኩስ ዱቄት ወዲያው ዕቃ ውስጥ አይታፈንም፤ ተዘርግቶ ይበርዳል። ጠንቃቃ ፋብሪካም የተፈጨውን መድኃኒት ሳያሳርፍ አይደባልቅም። ምሳሌው ግን እስከዚህ ብቻ ይሄዳል፦ የጤፉ ዱቄት የሚፈልገው ሙቀቱ እንዲወጣለት ነው፣ የመድኃኒቱ ዱቄት የሚፈልገው በልክ የተመጠነ እርጥበት ነው። የፈረሰው ላዩ ኋላ ታማሚው ቤት ክሪስታል ከሚሆን አስቀድሞ ፋብሪካው ውስጥ፣ በቁጥጥር ሥር እንዲሆን ይፈለጋል። ስስ ተደርጎ ይዘረጋል፣ እርጥበቱ ቀስ በቀስ ከፍ ይደረግለታል፣ ለሰዓታት ወይም ለቀናት ይቆያል፣ ከዚያ ተመልሶ ይደርቃል። እርጥበቱን በአንድ ጊዜ ከፍ ያደረገ ወይም ዱቄቱን አወፍሮ የዘረጋ እዚያው ትሪው ላይ ያጓጉለዋል። የቸኮለ ደግሞ ሥራውን ለታማሚው ቤት ያስተላልፈዋል። እንደ ሳልቡታሞል ሰልፌት ያሉ በውሃ የሚሟሙ መድኃኒቶች ለእርጥበቱ ቶሎ ይታዘዛሉ፤ እንደ ፍሉቲካዞን ያሉ ውሃ የማይወዱ ስቴሮይዶች (የአየር ቧንቧን ብግነት የሚቀንሱ መድኃኒቶች) ግን ውሃው ያን ያህል አይነካቸውም፣ ስለዚህ የአልኮል ተን የሚጠቀም አለ። ቁጥጥሩም ቀላል አይደለም፦ የተለመደው የኤክስሬይ ምርመራ ከ5 በመቶ በታች የሆነን አሞርፈስ ብዙውን ጊዜ አያየውም። የዱቄቱን ክብደት እርጥበት እየጨመሩ የሚከታተለው ሚዛን ግን ከ1 በመቶ በታች ያለውንም ይይዛል።

ይህን ሁሉ ገዢው ከካርቶኑ ላይ አያነበውም። ማየት የሚችለው ዱቄቱ የታሸገበትን ነው። የመጠቀሚያ ቀኑም የተሰጠው ለታሸገው ዕቃ ነው፤ አምራቹ በ40 ዲግሪና በ75 በመቶ እርጥበት 6 ወር አቆይቶ የሚፈትነው በሽፋኑ እንዳለ እንጂ እርቃኑን ያለ ካፕሱል አይደለም። አራቱን ዓይነቶች የምንለካቸውም በዚህ ነው።

በርካሽነቱ ብዙ ሰው እጅ የሚገባው ካፕሱሎቹ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጡት ዓይነት ነው፤ ሮታሄለር የሚባለውና የሚመስሉት። ካፕሱሉ ከላይ ይሰካል፣ የታችኛው ክፍል ሲጠመዘዝ ካፕሱሉ ለሁለት ተፈልቅቆ ዱቄቱ ይወድቃል፣ ከዚያ ይሳባል። ዕቃው ቀላል ነው፣ ይታጠባል፣ ቢሰበር መተካቱ ከባድ አይደለም። ካፕሱሉ ግልጽ ሲሆን ዱቄቱ መውጣት አለመውጣቱ ይታያል፤ ለጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አየሩን እምብዛም ስለማይከለክል ደካማ ሳቢም ያስበዋል፤ ያው ልልነቱ ግን የተጣበቀ ዱቄትን ለመበተን የሚቀረውን ጉልበት ያሳንሰዋል። ስለዚህ ከአራቱ ዱቄቱ ሳይበላሽ መቆየቱ ግድ የሚለው ይኸው ሆኖ ሳለ መከላከያው ግን ከሁሉ የሳሳ ነው። 30 ካፕሱል ያለው ጠርሙስ በቀን ሁለት ጊዜ ለሚወስድ 15 ቀን ይቆያል፤ ያ ማለት 30 ጊዜ መከፈት ነው። እያንዳንዱ መክፈት በክፍሉ ያለውን አየር ያስገባል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ የክፍሉ አየር እርጥብ ነው።

ጠላቱ እርጥበት ብቻ ቢሆን ኖሮ መፍትሔው ማድረቅ በሆነ ነበር። የጄላቲን ካፕሱል ግን ራሱ ከ13 እስከ 16 በመቶ ውሃ ይዞ ነው ጤነኛ የሚሆነው። ከ10 በመቶ ሲያንስ ይሰባበራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀትር ላይ አየሩ ደርቆ፣ በጠርሙሱ ውስጥ ሲሊካ ጄል (እርጥበት መጣጭ) ተጨምሮበት፣ ካፕሱሉ ሲፈለቀቅ ስብርባሪው ከዱቄቱ ጋር አፍ ሊገባ ይችላል። የደረቀ ዱቄት ደግሞ የኤሌክትሪክ ሙሉን ስለማይለቅ ካፕሱሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሌላው ጣጣ የጄላቲኑ ውሃ ወደ ዱቄቱ መሄዱ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ቤት ይኖራሉና ይካፈላሉ። ከሃይፕሮሜሎስ (ከዕፅዋት ሴሉሎስ የሚገኝ ነገር) የተሠራ ካፕሱል ይህን አብዛኛውን ያቃልላል፦ የሚይዘው ውሃ ከ7 በመቶ በታች ነው፣ ቢደርቅም አይሰባበርም። በማብራሪያ ወረቀቱ ላይ የካፕሱሉ ቅርፊት ምን እንደሆነ ተጽፏል። ሃይፕሮሜሎስ የሚል ካገኙና የዋጋው ልዩነት የማይጎዳዎት ከሆነ እሱን ይውሰዱ። የካፕሱል ስህተት ሁሉ ንጉሥ ግን መዋጡ ነው፤ ካፕሱል ያየ ሰው በውሃ ይውጠዋል፣ ሐኪሙም መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ሌላ ይጨምራል። ፋርማሲስቱ ካፕሱሉን ሲሰጥ ዕቃውን አብሮ ካላሳየ አገልግሎቱ ጎዶሎ ነው።

ሁለተኛው ካፕሱሉ አንድ በአንድ በአሉሚኒየም የታሸገበት ነው። የአየር ቧንቧን የሚከፍተው ቲዮትሮፒየም 18 ማይክሮግራም የሚሰጥበት ሃንዲሄለር የታወቀው ምሳሌ ነው። አንዱ ካፕሱል የሚወጣው ሊወሰድ ሲል ብቻ ነው፤ ሳያስቡት ሁለተኛው ከተገለጠ ይጣላል እንጂ ለነገ አይቀመጥም። አንዱ ረድፍ ከተከፈተ በ9 ቀን ውስጥ ይለቅ የሚለው መመሪያ ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም። ካፕሱሉን መርፌ ይበሳዋል፣ ሲሳብም ውስጡ እየተንቀጠቀጠ ይሰማል። ድምፁ ካልተሰማ አሳሳቡ ደካማ ነው ወይም ካፕሱሉ ተጣብቋል። አየሩን በጣም የሚከለክል ዕቃ ስለሆነ በቀስታና በጥልቀት ይሳባል። ዋናው ቅሬታችን በእጅ ነው፦ ጣቱ የሚንቀጠቀጥ አዛውንት ፎይሉን እስከ መስመሩ ድረስ ብቻ መላጥ ይከብደዋል፤ ሁለት ሦስቱን አብሮ ይገልጣል። በዚህ ዕቃ የሚታከሙት ደግሞ በብዛት አዛውንቶች ናቸው።

ተርቡሄለር ከእነዚህ ይለያል። ካፕሱል የለውም። ዱቄቱ ሁሉ በአንድ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው ያለው፤ የላመው መድኃኒት ለስላሳ ትናንሽ ድቡልቡል ተደርጎ ስለሚሞላ ይፈሳል፣ ሲሳብም በጠመዝማዛው መተላለፊያ ተመልሶ ይበተናል። በርበሬና ቆሎው እዚህ ላይ ምሳሌነቱ ይላላል፤ ቡዴሶናይድ የተባለው ስቴሮይድ ብቻውን ያለበት ዓይነት ላክቶስ እንኳ የለውም። ዱቄቱ በጣም ጥቂት ስለሆነ ምላስ ምንም አይሰማውም፤ «ባዶ ነው» ብሎ ደግሞ የሚስብ ሰው ብዙ ነው። ሲነቀነቅ የሚሰማው ድምፅም መድኃኒቱ አይደለም፣ ከታች የተቀመጠው እርጥበት መጣጭ ነው። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ስለሚንኳኳ በሱ የሚተማመን ሰው ባዶ ዕቃ ሲስብ ይከርማል። መስኮቱ ላይ ቀዩን ምልክት ማየት ነው። የዚህ ዕቃ ድካም ሁሉንም በአንድ ቅርጫት ማስቀመጡ ነው፦ አንድ ጊዜ ወደ ውስጡ የተነፈሰ ወይም ክዳኑን ሳያጠብቅ ያደረ ሰው የሚጎዳው የአንድን ቀን መጠን ሳይሆን የቀረውን ሁሉ ነው። ክዳኑን ባጠበቀ ሰው እጅ ግን፣ ለቃሊቲና ለአቃቂ አቧራ ከሁሉ የተሻለ ሽፋን ያለው እሱ ነው።

አራተኛው ዲስከስ፣ በሌላ ስሙ አኩሄለር ነው። በውስጡ የተጠቀለለ የፎይል ጥብጣብ አለ። 60 ጉድጓዶች፣ በእያንዳንዱ 12.5 ሚሊግራም ዱቄት። 50/250 በሚባለው (50 ማይክሮግራም ሳልሜተሮል ከ250 ማይክሮግራም ፍሉቲካዞን ጋር) ላይ ከዚህ ውስጥ መድኃኒቱ 0.3 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ሌላው ላክቶስ ነው። ማንሻው ሲገፋ አንዱ ጉድጓድ ብቻ ይላጣል፣ ሌሎቹ 59ኙ እንደታሸጉ ይቆያሉ። ቁጥሩ ከ60 ወደ ታች ይቆጥራል፣ የመጨረሻዎቹ 5 በቀይ ይታያሉ። ለሱሉልታ ክረምትና እንጀራ ለሚጋገርበት ክፍል ምርጫችን ያለ ማመንታት ይኸው ነው። እንከኑ ማንሻውን እንደ መጫወቻ ገፋ ገፋ የሚያደርግ ልጅ ቤት ውስጥ ሲኖር ይወጣል፦ የተላጠው መጠን አልተሳበም፣ ግን ተቆጥሯል፣ ታማሚው ወሩ ሳያልቅ ይጨርሳል። የውጪው የፎይል ከረጢት ካለው ደግሞ እስከሚጀመርበት ቀን አይቀደድ፤ የአሜሪካው መመሪያ ከረጢቱ ከተከፈተ በአንድ ወር ውስጥ ይጣል ይላል።

ስለ ከረጢት ካነሳን፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ዝቅ ባለ አገር አየር ይዞ የታሸገ ከረጢት እዚህ ሲደርስ ይነፋል። መነፋቱ የመበላሸት ምልክት አይደለም። ይልቅ ከአንድ ካርቶን ከወጡት መካከል ሌሎቹ ተነፍተው አንዱ ብቻ ጠፍጣፋ ከሆነ ያንን ይጠርጥሩ፤ አየሩ በቀዳዳ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

አጠባበቁ ላይ ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች አሉ። ፍሪጅ አንዱ ነው። «መድኃኒት ቀዝቃዛ ይወዳል» ተብሎ ካፕሱሉ ፍሪጅ ይገባል፤ ጠዋት ሲወጣ እንደ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ያልበዋል፣ ያ ላብ በቀጥታ ዱቄቱን ያገኛል። ማድ ቤትና መታጠቢያ ቤትም አይሆኑም። ቁም ሣጥን ወይም የመኝታ ክፍል መሳቢያ ይሻላል፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ዝቅ ባለው መሳቢያ፤ ከጣሪያው ሥር ያለው መደርደሪያ ቀትር ላይ ይግላል። ሮታሄለርና ሃንዲሄለር ከታጠቡ 24 ሰዓት ክፍት ሆነው ይድረቁ፤ ማታ ታጥቦ ጠዋት የተሞላ ዕቃ እርጥብ ነው። ተርቡሄለርና ዲስከስ ውሃ አይነካቸውም፤ አፍ የሚነካው ጫፍ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። በአራቱም ላይ፦ መጀመሪያ ከዕቃው ፊት ዞር ብሎ መተንፈስ፣ ከዚያ መሳብ፣ ትንፋሽን 10 ሰከንድ ያህል መያዝ፣ ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ አፍን ተጉመጥምጦ መትፋት። ወደ ዕቃው የሚተነፈስ ትንፋሽ በእርጥበት የጠገበ ነው፤ የክረምቱ ጭጋግ እንኳ እንደሱ ዱቄቱ ጉያ አይገባም።

ካፕሱል ለሚጠቀም ሰው ቀላል ፈተና አለ። ከተሳበ በኋላ ቅርፊቱን ማየት ነው። ስስ ብናኝ ግድግዳው ላይ መቅረቱ ያለ ነው። የተጓጎለ ፍርፋሪ ወይም ተለጥፎ የቀረ ወፍራም ዱቄት ካለ ግን ደግመው ይሳቡ፣ በሚቀጥለውም እንዲሁ ከሆነ ጠርሙሱን ይዘው ፋርማሲስቱ ጋ ይሂዱ። መድኃኒቱን በራስ ማቆም ግን አይገባም። ትንፋሽ ሲያጥር የሚወሰደው የሚረጨው ሳልቡታሞል ሁልጊዜ አጠገብ ይኑር፤ በከባድ ማፈን ጊዜ ዱቄትን በኃይል ለመሳብ የሚበቃ ጉልበት ላይኖር ይችላል።

አሁን የቀረው የሚገዙበት ቤት ነው። በከተማው ዳርቻ ያሉ ትናንሽ ፋርማሲዎች ከመሃል ከተማው አያንሱም፤ አንዳንዶቹ ደንበኛቸውን በስም ስለሚያውቁ አሳሳቡን ቆመው ያስተምራሉ። የምናየው ክፉ ልማድ አንድ ነው። ሙሉ ጠርሙስ መግዛት ላልቻለ ሰው 10 ካፕሱል ተቆጥሮ በወረቀት ፖስታ ይሰጠዋል። ለሚዋጥ ኪኒን የተለመደ ነው፣ ለዚህ ዱቄት ግን ከአየሩ የሚለየው ነገር ሁሉ ተነሣ ማለት ነው። ገንዘቡ ለ10 ብቻ ከበቃ በፎይል ረድፍ የታሸገ ካለ ይጠይቁ፣ ረድፉ ሳይገለጥ በመቀስ ተቆርጦ ይሰጥዎት። ከሌለ ባዶ ጠርሙስ ከክዳኑና ከሲሊካ ጄሉ ጋር ይለምኑ። በፖስታ የተጠቀለለውን ግን ገና ሳይከፍሉ መልሱ።